እማዬ ለምን እንደቆመች

ለወንድሜ ለካሱ፤

ደግፌ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም የሰው ስም በማስቀደሜ አትቀየመኝ። በስልክ ሦስት ጊዜ የጠየቅከኝ ይህንኑ ስለሆነ መልሱ ከላይ ይቀመጥ ብዬ ነው። የአጎታችን ልጅ ደግፌ፣ ያ ሲቀላ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተው፣ ሁሉ ነገር በስልኬ ይሠራል የሚለው። እማዬን ያለ ፊት ያስቀረብን እሱ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብርድ ወራት የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይስ አሁንም በጋዜጣ ጠቅልለህ ነው የምትተኛው? ሥራህ፣ ሰፈርህ፣ ጎረቤትህ ሰላም ነው? ቤተልሔም እንዴት ናት? ልጃችሁ ናትናኤልስ የፊት ጥርሱን ነቀለ? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። ከኅዳር ወዲህ ግን ሰውነቴ ሁሉ ሲተኙበት እንዳደረ እጅ ሆኗል፤ ስነካው የሌላ ሰው ይመስለኛል። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። እንዴት ነሽ ማለትህ ስለማይቀር ነው።

አገሩም ሰላም ነው። ሙቀቱ በርትቷል። የላንቴን ሙዝ የሚጭኑት መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ በደጃችን ያልፋሉ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ፎቶ ቤታቸውን ዘግተዋል፤ ቤቱ አሁን የስልክ ካርድ መሸጫ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሚፍታ የጎረቤታችን የነጋዴው የኸሊፋ ልጅ ነው። ስትሄድ ገና ሱሪውን መታጠቅ የማይችል ነበር፤ አሁን ሪዙን ታየዋለህ። በፖስታው ውስጥ ከወረቀቱ ሌላ አንድ ነገር አለ፤ አትጠፈው፣ ስለሱ ከታች እጽፍልሃለሁ።

በስልክ ለምን እንዳልመለስኩልህ ልንገርህ። ሰው ሲጮህብኝ ቃል ይጠፋኛል። ወረቀት አይጮህም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ መሆኑን ታውቃለህ፤ ያውም ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ሴቻ ሰፈር እዚያ ፎቶ ቤት ስጠርግ፣ ባለቤቶቹ ሳይወስዷቸው በቀሩ ፎቶዎች ፖስታ ላይ የተጻፈውን ስም እያየሁ ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ፎቶውን ያሳዩኝና «ይቺ ማን ናት?» ይሉኛል፤ እኔ ሴትዮዋን ስለማውቃት ስሟን እናገራለሁ፤ ከዚያ በጣታቸው ፊደሉን ያሳዩኛል። ስለዚህ ለእኔ እያንዳንዱ ፊደል ፊት አለው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበው።

የጠየቅከኝ እንዲህ ብለህ ነበር፦ «እትዬ፣ ከጎኗ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ሠላሳ ሰው ተቀምጦ እማዬ ብቻ ለምን ቆመች?»

ከድሮው ፎቶ ልጀምርልህ። አንተ ልትሄድ አሥር ቀን ሲቀርህ፣ በ1997፣ ጋሽ ወልደ ሚካኤልን ለምኜ ካሜራቸውን አሸክሜ ገረሴ እማዬ ቤት ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰዉ በዛና በአንድ ፎቶ አልገባ ሲል «ረጅሙን ፎቶ እናንሳ» አሉ። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆሙት። መጀመሪያ በግራ ያለውን ሰው አነሱ፤ ትንሽ አዞሩና የመሐሉን አነሱ፤ ደግሞ አዞሩና የቀኙን አነሱ። በየመዞሪያው ከፊተኛው ፎቶ ሲሶ ያህሉ እንዲደገም ያደርጉ ነበር። «ካልተደገመ መጋጠሚያው ላይ ሰው ይጠፋል» ይሉኛል። በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስቱንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዳር ዳሩን በምላጭ የቆረጥኩት፣ ትከሻን ከትከሻ፣ አጥርን ከአጥር እያገናኘሁ በኮላ ካርቶን ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከቅርብ ካላዩት በቀር መጋጠሚያው አይታወቅም።

አንተ ግራ ጫፍ ላይ ከተነሳህ በኋላ በጓሮ ዞረህ ሮጠህ ቀኝ ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ «አንተ ቀልማዳ! ደቡብ አፍሪካ ሳትደርስ ሁለት ሆንክ?» ሲሉ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ለዚህ ነው በፎቶው ላይ በግራና በመሐል ያለው ሰው ኮስተር ብሎ የቀኙ ሰው ሁሉ ጥርሱ የሚታየው። እማዬ መሐል ላይ ናት። ገና አልሳቀችም።

ከሄድክ በኋላ ያን ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ከአርባ ምንጭ ወጥቼ በሄድኩ ቁጥር «አውርጂልኝ» ትለኛለች። ጉልበቷ ላይ አስቀምጥላታለሁ። «የሄደው የትኛው ነው?» ትላለች። ጣቷን ይዤ በግራ ያለውን አሳያታለሁ። «የቀረውስ?» ትላለች። በቀኝ ያለውን አሳያታለሁ። «ታዲያ የቀረው ለምን አይመጣም?» ትለኛለች። ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ሰማሁ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ያንን ዳገት እየወጣሁ፣ ገላዋን እያጠብኩ፣ ጥፍሯን እየቆረጥኩ፣ የቀረው አንተ ነበርክ።

በዚያ ፎቶ ውስጥ እኔ የለሁም። ልብ ብለህ ታውቃለህ? ከኋላቸው የምትመጣው ፀሐይ የጋሽ ወልደ ሚካኤልን ዓይን እንዳታስቸግር ጃንጥላ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከታች ሳሩ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የጃንጥላዬ ጥላ ነው።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው መስቀል ልመለስ። «ሁላችሁንም በአንድ ፎቶ ላኩልኝ፣ በተለይ እማዬን» ብለህ ስትደውል እኔ ጋሽ ወልደ ሚካኤልን እንጥራ አልኩ። ደግፌ ሳቀብኝ። «ፊልሙን ከየት ነው የሚያመጡት? ከሙዚየም?» አለ። ፊልም ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል፤ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። እኔ ግን ካሜራውን ሳይሆን ሰውዬውን ነበር የፈለግኩት፤ ጋሽ ወልደ ሚካኤል የእያንዳንዱን ሰው ፊት ሳያዩ ጣታቸው አይጫንም። ይህን ስነግረው «እትዬ ሻሺቱ፣ አንቺ ራስሽ የድሮ ካሜራ ነሽ እኮ፤ ሦስት ቦታ ተቆርጠሽ ካልተለጠፍሽ አትገጥሚም» አለኝ። ሰው ሳቀ።

ገረሴ ደጃችን ላይ፣ ከእንሰቱ ፊት ለፊት፣ በግማሽ ክብ አስቀመጠን። ሠላሳ አንድ ነበርን። እሱ ሜዳው መሐል ቆሞ ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አደረገና ማስተማር ጀመረ። «ይሄ ፓኖራማ ይባላል። ቀስቷ በመስመሯ ላይ ትሄዳለች፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። እስካልፋችሁ ድረስ እንደ ድንጋይ፤ ካለፍኳችሁ በኋላ የፈለጋችሁትን ሁኑ» አለ። ያ ጎረቤታችን አቶ ኤርጫፎ፣ ታውቃቸዋለህ፣ ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ «ማስነጠስ የመጣበት ሰውስ?» ብለው ጠየቁ። «አቶ ኤርጫፎ፣ ካስነጠሱ ሁለት አፍንጫ ይዘው ነው ካሱ ዘንድ የሚደርሱት» አላቸው። «አንዱን ለሚስቱ ይስጥልኝ» አሉ። እንዲህ ሆነን ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

እኔ፣ ከደግፌ በኩል ሲታይ፣ ከእማዬ በስተግራ ተቀመጥኩ። ማንም ጃንጥላ ያዢ አላለኝም። አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ነበር። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ከቤተሰቤ ጋር ፎቶ ስነሳ የመጀመሪያዬ ነው።

ደግፌ መዞር ጀመረ። ስልኩ ወደ እኛ ሲቃረብ «እማማ፣ አሁን እርስዎ ይነሱ! ቀጥ ብለው ይነሱ!» አለ። አማርኛ እንዲህ ናት፤ ሰው ከመቀመጫውም ይነሳል፣ ፎቶም ይነሳል። በእኛ በጋሞኛ ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም። እማዬም ተነሳች። ስልኩ የሚያየው ከዳር እስከ ዳር ነው እንጂ ወደ ላይ ብዙ አያይም። በፎቶው ላይ ጉልበቷ አለ፣ መቋሚያዋን የያዘ እጇ አለ፣ ጋቢዋ አለ፤ ከአንገቷ በላይ ከፎቶው ውጭ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል።

ደግፌ ዞሮ ጨረሰና ስልኩን አየ። በስልክ ላይ ያ ፎቶ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ፀሐይም ነበር። «ቆንጆ ወጥቷል!» አለ። አንዴ ድገመው ያለው ሰው ነበር፤ ደመራውን ሲቀርጽ አምሽቶ ስለነበር ባትሪው አለቀ። ገረሴ ያን ቀን መብራት አልነበረም። በማግስቱ አርባ ምንጭ ወርዶ በኢሞ ላከልህ። አንተም ክሩን አይተህ «ቆንጆ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ጻፍክለት። አሳይቶኛል። ማናችንም ወደ ራሳችን አስጠግተን አላየነውም።

እማዬ ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን አረፈች። ሁለት ቀን ብቻ ነው የተኛችው። ለቅሶ ላይ ፎቶዋን አውጡ ሲባል ደግፌ እኔ አለኝ ብሎ ተነሳና አብሬው ሱቁ ድረስ ወረድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ከግራ ጀምሮ እየገፋ መጣ፤ አቶ ኤርጫፎ፣ ልጆቹ፣ እኔ። ከዚያ እጁ ቆመ። ወደ ላይ ሊገፋው ሞከረ፤ ወደ ላይ ምንም የለም። ዞሮ አላየኝም። አላለቀስኩም። ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ «ቅድሚያ ለእሱ ስጠው» ያልኩት ትዝ ይለኛል።

የድሮውን ፎቶ ነው ያወጣነው። ሰው «ይቺ እኮ ገና ጠንካራ ናት» እያለ አለቀሰ። አንተም ከአርባዋ በኋላ ስልክህ ላይ ፎቶውን አጉልተህ አይተህ ኖሮ ደወልክና «እናቴን አንገቷን ቆርጣችሁ ላካችሁልኝ» ብለህ ጮኽክ። በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ ፊቷን ልይ ብለህ ነበር። ይገባኛል።

እስከዚህ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እማዬ ደግፌ ይነሱ ስላለ አልተነሳችም።

አልሰማችውም። የደግፌ አማርኛ የከተማ አማርኛ ነው፣ ይፈጥናል፤ ደግሞ እኛ አንቺ የምንላትን እሱ እርስዎ ይላታል። ወደ እኔ ዘንበል ብላ በጋሞኛ «ምን አለ?» አለችኝ። ያኔ ስልኩ ልክ እኔ ላይ ነበር። እንዳትንቀሳቀሱ ተብለናል። ፊቴን አስተካክዬ፣ አገጬን ትንሽ ከፍ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ፊቴን ሳላዞር፣ ከንፈሬን ሳላላቅቅ «ተነሺ ነው የሚልሽ» አልኳት፤ በጋሞኛ። እኛ ቋንቋ ውስጥ ይህ ቃል ከመቀመጫ መነሳት ብቻ ነው። ፎቶ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁ፣ በቀን ሃያ ጊዜ «ፎቶ ይነሳሉ?» ሲባል የምሰማ ሰው ነኝ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እያየሽ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የሰማሁትን ቃል ብቻ ገልብጬ ሰጠኋት።

ሌላም አለ። ፎቶውን ስታጎላው ትከሻዬ ላይ እጅ ታያለህ። አንዱ እጇ መቋሚያው ላይ ነው፤ ይሄኛው ሌላኛው እጇ ነው። ለመነሳት እኔን ተደገፈች። ክብደቷ ተሰምቶኛል። እየተነሳች እንደሆነ አውቄያለሁ። ክንዷን ይዤ መልሼ ላስቀምጣት እችል ነበር፤ ጊዜም ነበር። ዘወር ካልኩ ፊቴ ይበላሻል ብዬ አልዞርኩም። አልተበላሸም። ከሠላሳ አንዱ ሰው እንደ እኔ ጥርት ብሎ የወጣ የለም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ደግፌም አያውቅም፤ እሱ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ከለቅሶው ወዲህ ቤቴ አይመጣም፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ይሻገር። ሳያይ ቆንጆ ወጥቷል ያለው እሱ ነው፤ ከላይ የጻፍኩትን ስም አልሰርዘውም። አንተ የጠየቅከኝ ግን ለምን ቆመች ብለህ ነው። ተነሺ ስላልኳት ነው የቆመችው። ስነግራት ሁልጊዜም እሺ ትለኝ ነበር፤ ያን ቀንም እሺ አለች።

በፖስታው ውስጥ ያለው የረጅሙ ፎቶ መሐሉ ነው። ሚፍታ ካርቶኑን ሙሉውን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት አልቻለም። ቢችልም ሙሉውን አልልክልህም ነበር። ኮላውን በሙቅ ውኃ እንፋሎት አላላሁና መጋጠሚያው ላይ በምላጭ ለየሁት፤ እጄ ሥራውን አልረሳም። እማዬ ሙሉዋን አለች፤ ሁለቱም ዓይኗ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳም ሳይቀር። ስድሳ ዓመት ያለፋት እንጂ የሞተች አትመስልም። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ነጌቲቩ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ከቆሻሻ ጋር ወጥቷል። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አትስቀለው። እኔ ዘንድ የቀሩት ሁለቱ ዳሮች ናቸው፤ በአንዱ አንተ ኮስተር ብለህ፣ በሌላው አንተ እየሳቅክ። እነሱ ይበቁኛል።

ለቤተልሔም ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ አይቼ የማውቃት ያህል ነው የምጠይቃት፣ አማቷን ሳታውቃት ስላዘነችላት አመሰግናታለሁ። ናትናኤልን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ አያቱን አሳየው፣ ይቺ ናት በለው። አብሮህ ሱቁ ውስጥ ለሚሠራው ለጉታ በለቅሶው ጊዜ ደውሎ ስላጽናናኝ ሰላም በልልኝ። ከዚህም ጋሽ ወልደ ሚካኤል ሰላም ብለውሃል፤ ዓይናቸው ደክሟል ግን «ያ ሁለት የሆነው ልጅ» ይሉሃል። የሚፍታ እናት ዙሁራ ልጇን አደራ ትልሃለች፤ እንደ ወንድምህ ያዘው። አቶ ኤርጫፎም ጤና ይስጥልኝ ብለዋል።

ለፋሲካ ገረሴ ሰው ይሰበሰባል፣ ለካሱ ሌላ ፎቶ ይላክለት ተብሏል። በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፣ አንዱ መሐል ቆሞ ይዞራል። ሲደርስህ አጉልተህ ከዳር እስከ ዳር ብትፈልግ አታገኘኝም፤ ታማ ይሆን ብለህም አትደውል። ምግብ አቀርባለሁ፣ ልጆቹን አስቀምጣለሁ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ወዴት እንደሚያይ አሳየዋለሁ። እኔ ግን ከእንግዲህ ፎቶ አልነሳም።

እህትህ ሻሺቱ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.